መጽሐፉ ወዳለበት መሄድ ቅንጦት አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር፣ በተለይ በታሪክና በግዕዝ መምህራን ዘንድ፣ አንድ ጽሑፍ ሲያነጋግር ሰንብቷል። ጉዳዩ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ለእንግዳ ተመራማሪ የሚሰጡት ፌሎሺፕ ነው። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። ብራናዎቹ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ስላሉ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የተዘረፈ ቅርሳችንን ይዞ ከተቀመጠ ተቋም የመንገድ ገንዘብ መቀበል ዝርፊያውን ማጽደቅ ነው። ዕድሉ ለፈረንጅ እንጂ ለእኛ ተብሎ አልተዘጋጀም። በአንድ ወር ቆይታ የሚሠራ ቁም ነገር የለም። በመጨረሻም፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የራሱን ፌሎሺፕ ልጀምር ቢል ገንዘብ ማባከን ነው።

ጽሑፉ በንጹሕ ልብ የተጻፈ ነው። ቁጭቱን እጋራለሁ። ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም። አንዳንድ ወጣት መምህራን አንብበውት «እንግዲያው ለምን እለፋለሁ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ አጭር ነው። ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ልዩ ስብስብ የሚሉት ክፍል አላቸው። ብራና፣ ደብዳቤ፣ ካርታ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ የግለሰብ ማስታወሻ የሚቀመጠው እዚያ ነው። እነዚህን አውጥተው አያውሱም። ስለዚህ አንባቢውን ይጠሩታል። ለመንገድና ለመኖሪያ የሚሆን ገንዘብ ይሰጡታል፤ ከሁለት ሳምንት እስከ ጥቂት ወራት እዚያው ተቀምጦ ይሠራል። የኦክስፎርዱ ቦድሊያን፣ የዬሉ ባይኔኪ፣ የሃርቫርዱ ሆውተን፣ ፕሪንስተን፣ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያደርጋሉ። ሂል በምሥራቅ ክርስትና ብራናዎች ላይ ለሚሠሩ ጀማሪ ተመራማሪዎች ለብቻው የመደበው ድጋፍም አለው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ፤ «ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» ወደሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የፈረንሳዊውን ተጓዥ የአንቷን ዳባዲን የኢትዮጵያ ብራናዎች በብዛት ጋሊካ በተባለው ገጹ ላይ አውጥቷል። ሂል ደግሞ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም የተቀረጹ ከ9,000 በላይ ብራናዎችን ቅጂ ይዟል። እነዚህን ምስሎች እኔም ዘወትር እጠቀማለሁ። ለሠሩት ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን «ሁሉም» የሚለው ቃል አይሠራም። ኢንተርኔት ላይ ያለውም ቢሆን እንደተከፈተ አይቆይም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የብሪቲሽ ላይብረሪ ኮምፒውተሮች በሰርጎ ገቦች ተመቱ። ለንደን ያሉት ብራናዎቻችን ምስሎች፣ ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ፣ ለብዙ ወራት ከገጹ ጠፉ። ምስሉ ሲጠፋ ብራናው ግን መደርደሪያው ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን እኛ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ጸሐፊውም አይዘነጉትም። ምርምሩን በምስል ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው በሁለት በኩል ተዘጋበት ማለት ነው።

ይህ ግን ትንሹ ምክንያት ነው። ትልቁ፣ ምስል የማያሳየው ነገር መኖሩ ነው። አንድ የጎንደር ዘመን መጽሐፍ እንውሰድ። ከፊትና ከኋላ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ ብዙ ጊዜ የመሬት ጉዳይ ይጻፍበታል። እገሌ ጉልት ሰጠ፣ እገሊት ርስቷን ሸጠች፣ ምስክሮቹ እነ እገሌ ናቸው። የጎንደርን የኑሮ ታሪክ የሚያጠና ሰው ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ እነዚህን ቅጠሎች ነው የሚፈልገው። አሁን ከስሞቹ አንዱ ተፍቆ ሌላ ስም ተጽፎበት እንደሆነ እናስብ። የተፋቀ ብራና ይሳሳል፤ ፊቱም ይሻክራል። ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት ጠባሳው ይታያል። ከበስተጀርባው ብርሃን ቢደረግ ደግሞ ያ ቦታ ከሌላው ይልቅ ብርሃን ያሳልፋል፤ አንዳንዴም የድሮው ፊደል አጥንቱ ብቅ ይላል። ከፊት ለፊት በእኩል ብርሃን የተነሣ ፎቶ ይህን ሁሉ ደፍጥጦ አንድ ያደርገዋል። የድሮዎቹ ማይክሮፊልሞችማ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ ጎን ፈዛዛ ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው።

ሌላም አለ። ብዙ የጎንደር ብራናዎች ሥዕላቸው ላይ በክር የተሰፋ ስስ መጋረጃ ነበራቸው። መጋረጃው ቢጠፋም የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል። ከእንጨቱ ገበታ ውስጠኛ ፊት ላይ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ተለጥፎ ይገኛል። ጨርቁ ሐር ይሁን ጥጥ፣ ሽመናው እንዴት ያለ ይሁን፣ ቀርቦ ያላየ ሰው ሊናገር አይችልም። የጎንደር ነገሥታት ከማን ጋር ይነግዱ እንደነበር የሚናገር ማስረጃ እኮ ነው። ቅጠሎቹ በስንት በስንት እንደተጠረዙ፣ መካከል ላይ አንድ ቅጠል ተቆርጦ ወጥቶ እንደሆነ፣ ይህም ስፌቱን ገለጥ አድርገው ሲያዩ ነው የሚታወቀው። ገጽ በገጽ ከተነሣ ፎቶ ላይ የተቆረጠች ቅጠል አትታይም።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም ይከብዳል። እኔንም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ጸሐፊው መቅደላን ያነሣሉ። ትክክል ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስወሰዷቸው መጻሕፍት መቅደላ ላይ ተከማችተው ነበር። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሲይዝ ሪቻርድ ሆምዝ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አብሮ ነበር። ወደ 350 ገደማ ብራናዎች ወደ ሙዚየሙ ገቡ። ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ጎንደር በሁለት እጅ ተዘርፋለች፤ ያ የማይካድ ነው።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «እስኪመልሱ ድረስ ደጃቸውን አንርገጥ» ይላሉ። እኔ ደግሞ እስኪመልሱ ድረስ ከደጃቸው አንጥፋ ባይ ነኝ።

ምክንያቴ ይኸው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ለእንግሊዝ መንግሥት ሲጽፉ «ዕቃችንን መልሱ» ብለው በጅምላ አልጠየቁም። ክብረ ነገሥት የሚባለውን መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል በስም ጠየቁ። ሙዚየሙ ከነበሩት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች አንዱን መለሰ። ሥዕሉን ግን ሆምዝ ለራሱ ይዞት ነበርና አልተገኘም። ከዚህ የምረዳው፣ ምን እንደጎደለህና የት እንዳለ በስም መጥራት ከቻልክ ጥያቄህን ለመሸሽ እንደሚከብድ ነው። የት እንዳለ ካልታወቀ ደግሞ፣ እንደ ሥዕሉ፣ ንጉሥም ቢጠይቅ አይገኝም።

እስቲ ዛሬ ማን ነው በስም የሚጠራ? የለንደኑን ስብስብ ካታሎግ ዊልያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 አሳተመ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን የተሠራው እዚያው በውጭ ሊቅ ነው። አጣጣሚ ሚካኤል፣ ፊት አቦ፣ ቀሐ ኢየሱስ፣ ደፈጫ ኪዳነ ምሕረት የሚሉ ስሞች ጎንደር ላደገ ሰው የሰፈር ስም ናቸው። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚዋሰን ያውቃል። በአንድ ቅጠል ጥግ ላይ ግማሹ የደበዘዘ የደብር ስም ቢያይ ቀሪውን የሚሞላው እሱ ነው። እዚያ ቅጠል ላይ «ይህ መጽሐፍ የእገሌ ደብር ነው፤ የሰረቀ የፋቀ ውጉዝ ይሁን» የሚለውን አንብቦ፣ ቁጥሩን ይዞ፣ ከደብሩ ሰዎች ጋር አመሳክሮ የሚመጣ ሰው ያስፈልገናል። ለዚያ ሰው የአውሮፕላን ትኬት የሚከፍልለት ማንም ይሁን፣ የሚያመጣው ዝርዝር የእኛ ነው። ደረሰኝ ላይ መፈረም የባለቤትነት ጥያቄን መተው አይደለም። ማመልከቻ ሲጻፍም «ይህ መጽሐፍ ከየት እንደመጣ ማጥናት እፈልጋለሁ» ብሎ በግልጽ ማስፈር ይቻላል። አሁን አሁን የመጻሕፍትን አመጣጥ ማጥናት ብዙ ቤተ መጻሕፍት ራሳቸው የሚያበረታቱት ሥራ ሆኗል።

ጸሐፊው «ለእኛ አልተዘጋጀም» ሲሉ በሦስተኛው ነጥብ የሚዘረዝሩት ችግር አብዛኛው እውነት ነው። ኤምባሲው አዲስ አበባ ነው። ቪዛ ይከለከላል፤ ለዚያውም ክፍያው ተወስዶ። አንዳንዱ ድጋፍ ደግሞ «መጀመሪያ ከኪስህ ክፈል፣ ደረሰኝ አምጣ፣ ከዚያ እንመልስልሃለን» ይላል። ለአንድ የጎንደር መምህር ይህ እንቢታ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ የትኬት ነገር ጭራሽ አይነሣ። ይህን ለቤተ መጻሕፍቶቹ ደጋግመን መጻፍ አለብን። ትኬቱን ራሳችሁ ቁረጡ፣ ገንዘቡን አስቀድማችሁ ስጡ፣ ለኤምባሲው ደብዳቤ ጻፉ ማለት ነውር የለውም። የተመረጠ ሰው ይህን ቢጠይቅ የሚሰማው አለ።

ነገር ግን የማመልከቻው ድክመት የእኛም ነው። አንድ የማውቀው ወጣት መምህር ላከልኝና ፕሮፖዛሉን አነበብኩት። «የኢትዮጵያን ጥንታዊ ብራናዎች በጥልቀት ማጥናት እፈልጋለሁ» ይላል፤ ሁለት ገጽ ሙሉ። ልጁ ቅኔ የተቀኘ፣ ግዕዙን እንደ ውኃ የሚጠጣ ነው። ግን የትኛውን መጽሐፍ እንደሚያይ አንድ ቁጥር አልጠቀሰም። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እኛ ጋ ያለው ምን ያህል ያስፈልግሃል? ካታሎጉን ከፍተን አብረን አየን። የመሬት ሰነድ ያለባቸውን ብራናዎች ለየ። መለያ ቁጥራቸውን ጻፈ። ከእያንዳንዱ ፊት ለምን ምስሉ እንደማይበቃው በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጠ። ሁለተኛው ፕሮፖዛል ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። ለራሱ እንኳ ምን እንደሚፈልግ የተገለጸለት ያኔ ነው።

ጸሐፊው ፈረንጁ ይቀድመናል ይላሉ። በእንግሊዝኛ ይቀድመን ይሆናል። የደብተራ እጅ ጽሑፍ በማንበብ ግን አይቀድመንም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሚኒሶታ ተቀምጠው የእነዚያን ማይክሮፊልሞች ካታሎግ ቅጽ በቅጽ ሲያወጡ፣ የዓለም የኢትዮጵያ ጥናት ሰው ሁሉ የሚመራው በእሳቸው ሥራ ነበር። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም ለንደን ለዶክትሬት በተማሩ ጊዜ እዚያ የተቀመጡትን የእኛን ብራናዎች አንብበው የመካከለኛውን ዘመን ታሪካችንን በአዲስ መልክ ጻፉልን። ሁለቱም መጽሐፉ ወዳለበት የሄዱ ሰዎች ናቸው። ደግሞም ብዙ ፌሎሺፖች የዶክትሬት ወረቀት የግድ አይሉም። ራሱን ችሎ የሚያጠና ሰውን ይቀበላሉ። ለአብነት ትምህርት ቤት ሊቃውንቶቻችን በሩ ክፍት ነው፤ ማመልከቻውን አብሯቸው የሚጽፍ ሰው ነው ያጡት። ይህን የዩኒቨርሲቲ መምህራን ልንሠራው እንችላለን።

«በአንድ ወር ምን ይሠራል?» ለሚለው ብዙ አልልም። ዝርዝሩን ይዞ ለሄደ ሰው አንድ ወር ብዙ ነው። የንባብ ክፍሉ ጠዋት ይከፈታል። እስክሪብቶ ውጭ ይቀራል፤ በእርሳስ ነው የሚጻፈው። መጽሐፉ ስፖንጅ ትራስ ላይ ይቀመጣል። ስልክ የለም፣ ክፍለ ጊዜ የለም፣ የሚታረም ፈተና የለም። እዚህ ሆነን በሴሚስተር ውስጥ ለምርምር የምናገኛትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው የዚያ ወር ዋጋ ይገባዋል። ካታሎጉን እዚያ ሄዶ ለሚጀምር ሰው ግን ወሩ እንዲሁ ያልቃል። በዚህ ጸሐፊው አልተሳሳቱም።

የቀረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ገንዘቡ ለቤተ ሙከራና ለመኝታ ክፍል ይዋል ይላሉ። ዩኒቨርሲቲያችን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ለቤተ ሙከራ ቅድሚያ ስጡ ቢባል አልቃወምም። ግን የማወራው ስለ ትንሽ ገንዘብ ነው። አንድ አልጋ በእንግዳ ማረፊያ፣ ምግብ፣ የአገር ውስጥ ትራንስፖርት። የውጭ ምንዛሪ የማይጠይቅ ነገር። አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ የውጭ እንግዳ ወደ ጎንደር እንጥራ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ከአገር ልጆች ይጀመር። የአዲስ አበባው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን እንግዳ ተመራማሪ አስተናግዷል። ጎንደር ይህን ያህል መጻሕፍት በየደብሩ ዕቃ ቤት ይዛ ለአንድ የደብረ ማርቆስ ወይም የመቐለ ተማሪ የወር ማረፊያ የማትሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ጸሐፊው «እንግዳ ከመጣ ይዘርፈናል» የሚል ፍርሃትም አላቸው። ፍርሃቱ ከታሪክ የመጣ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ ብዙ ብራና ይዞ ሄደ። አብዛኛውን ስብስቡን በኋላ ቦድሊያን ገዛው። ጀርመናዊው ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጥቶ የወሰዳቸው ፍራንክፈርት ናቸው። የፈረንሳዊው ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1932 የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ ሰቅሎ ሄደ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ግን አንዳቸውም በፌሎሺፕ ደንብ የመጡ አይደሉም። ምን እንዳዩ፣ ምን እንደወሰዱ፣ ለማን ምን እንደተዉ የሚያስፈርማቸው ተቋም አልነበረም። መጻሕፍቱ የደብሩ ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲው አይደሉም። ስለዚህ ደንቡ ሲጻፍ የአድባራቱ አስተዳዳሪዎችና ሀገረ ስብከቱ ከመጀመሪያው ቀን መቀመጥ አለባቸው። እኔ የምፈልገው ደንብ ይህ ነው። መጽሐፍ ከግቢው አይወጣም። እንግዳው ሲያነብ ከደብሩ አንድ ሰው አብሮ ይቀመጣል፤ ለዚያ ሰው አበል ይከፈለዋል። የተነሣው ፎቶ አንዱ ቅጂ ለደብሩ፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይገባል። እንግዳው ከመሄዱ በፊት ያየውን እያንዳንዱን መጽሐፍ በአማርኛ መዝግቦ ያስረክባል፤ ርእሱን፣ የቅጠሉን ቁጥር፣ የባለቤቱን ስም፣ ጉዳቱን። ለተማሪዎቻችንም ሁለት ጊዜ ያስተምራል። ይህን ያልፈረመ ሰው ዕቃ ቤቱ አይከፈትለትም።